እያሰብኩበት ነው

አሌክሳንድሪያ፣ የካቲት 25 ቀን 2017

ለበፈቃዱ፤

የጌታ ሰላም ባለህበት ይድረስህ። ቤትህ፣ ሥራህ፣ መውጣት መግባትህ የተባረከ ይሁን። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ፤ ጆሮዬም ቢሆን አያመኝም፣ ዝም ነው ያለው።

የማን ደብዳቤ ነው ብለህ ፖስታውን ሳታገላብጠው አትቀርም። አሰለፈች ነኝ። አባትህና በጌታ ያረፈው ባለቤቴ የአክስትና የአጎት ልጆች ነበሩ። ግሪንቤልት በነበረው ሰርግ አንድ ጠረጴዛ ደርሶን፣ አድራሻህን ናፕኪን ላይ ጽፈህ ሰጥተኸኝ፣ ማንኛውም ነገር ካለ ጻፉልኝ ብለኸኝ ነበር። ለአፍህ ይሁን ከልብህ አላውቅም፣ እኔ ግን ናፕኪኑን አልጣልኩትም።

የማልደውልበትን ምክንያት ያኔ አይተሃል። ወጣትነቴን ሙሉ አዲስ አበባ ቴሌ ኦፕሬተር ሆኜ ሰውን ከሰው ሳገናኝ ኖሬ፣ ዛሬ የራሴ መስመር ተቆረጠ። የመስሚያ መሣሪያ አስገብተውልኝ ነበር፤ የሰውን ድምፅ ትቶ የፍሪጁን ይሰበስባል፣ አወጣሁት። ስለዚህ ልጄ ባርናባስ የሚለኝን በስልክ ይጽፍልኛል። የምንኖረው አንድ ቤት ነው። እሱ ከመኝታ ቤቱ ይጽፋል፣ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ አነባለሁ። አማርኛ ይናገራል እንጂ መጻፍ አይችልም፣ በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፈው። እኔም ላይብረሪ በተማርኩት እንግሊዝኛ ቃሉን እለቅመዋለሁ፣ ክብደቱ ግን አይገባኝም።

ነገሩ ይኸውልህ። ቴክሳስ ሥራ ተሰጥቶታል። "አይ አም ሲሪየስሊ ቲንኪንግ አባውት ኢት" ብሎ ጻፈልኝ። "እኔስ?" አልኩት። "አይ ዊል ዴፊኒትሊ ቲንክ አባውት ዛት፣ ማ" አለኝ። ቲንክ ማሰብ መሆኑን አውቃለሁ። አጠገቡ የሚለጠፉት ቃላት ግን ምን ያህል ይከብዳሉ? ሲሪየስሊ ከታሰበውና ዴፊኒትሊ ከሚታሰበው የትኛው ይበልጣል? አንተ አስተርጓሚ ነህ፣ እንጀራህ ነው። ይወስደኛል ወይስ ብቻዬን እቀራለሁ፣ ማወቅ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ሌላ ነገር አልጠይቅህም።

እግዚአብሔር ያለ ሰው አያስቀርህ።

አሰለፈች


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማርች 9፣ 2025

ለውድ እትዬ አሰለፈች፤

በጌታ ጸጋ ጤናዎ ይብዛ፤ ደጅዎ በሰላም ውሎ በሰላም ይደር።

ፖስታውን በእርግጥም አገላብጬዋለሁ። በእጅ የተጻፈ አማርኛ በፖስታ ሲደርሰኝ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። የእኔን ሳጥን የሚያውቁት የክፍያ ቢልና የፒዛ ማስታወቂያ ናቸው። ቆሜ ደረጃው ላይ አነበብኩት።

ሥራዬን በትክክል አስታውሰዋል። ቀኑን ሙሉ ምድር ቤት ተቀምጬ፣ በስልክ የማላውቀው ሐኪም የሚለውን ለማላውቀው ሕመምተኛ አደርሳለሁ። ማታ ላይ የራሴ የምለው ቃል አይተርፈኝም። ከላይ የቤቱ ባለቤት ስሂን ናት ያለችው። እናቷ ከእሷ ጋር ነበሩ፣ የገና በዓል ካለፈ በኋላ አገር ቤት ገቡ። ክፍላቸው እስካሁን ባዶ ነው። እሳቸው እያሉ ጠዋት ጠዋት ኮቴያቸውን እሰማ ነበር፣ አሁን እሱም የለም።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ ቀኑን ሙሉ የምታገለው ግን ከዚሁ ጋር ነው። ፈረንጅ አሳቡን ራቁቱን አያወጣውም፣ አንድ ነገር ደርቦለት ነው። ብቻውን "አይ ቲንክ" ካለ እርግጠኛ አይደለም ማለት ነው፤ እርግጠኛ የሆነ ሐኪም እንደዚያ አይልም፣ በሽታውን ይናገራል። "አይ ሪሊ ቲንክ" ሲል እየለመነ ነው፣ እሺ በሉኝ ነው። "አይ ኦነስትሊ ቲንክ" ካለ ደስ የማይል ነገር ሊከተል ነውና ወንበርዎን ይያዙ። ደግሞ ሁሉም ከሁሉም ጋር አይሄድም። እምነት ላይ "ስትሮንግሊ" ይላሉ፣ ማሰብ ላይ ሲሉት ግን ሰምቼ አላውቅም፤ የሚጠነክረው እምነት እንጂ አሳብ አይደለም። ጥርጣሬ "ሃይሊ" ነው፣ ወደ ላይ ይወጣል። ትዝታ ወይ "ቪቪድሊ" ጥርት ብሎ ነው፣ ወይ "ቬግሊ" ደብዝዞ ነው። መርሳት ደግሞ "ኮምፕሊትሊ" ነው፤ እዚህ አገር በግማሽ የሚረሳ ሰው የለም።

ይህን ሁሉ ወደ እኛ ሳመጣው "በጣም" ከምትለው ቃል ጋር ብቻዬን ነው የምቀረው። ሐኪሙ በጣም ያምናሉ፣ በጣም ይጠራጠራሉ፣ በጣም እያሰቡበት ነው እላለሁ። ሕመምተኛው ደግሞ ከሰማኝ በኋላ፣ ታዲያ እድናለሁ ወይ ይለኛል።

አሁን የባርናባስን እንመዝን። "ሲሪየስሊ ቲንኪንግ"፣ የምሬን እያሰብኩ ነው፣ ያለ ሰው ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አውጥቷል። መሄዱ አይቀርም፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። "ዴፊኒትሊ ቲንክ"፣ በእርግጥ አስባለሁ ማለቱ፣ ግን የሚያረጋግጠው ማሰቡን እንጂ ማድረጉን አይደለም፤ ቀለል ይላል። ቢሆንም ልጅ እንደ ሐኪም አይደለም፣ እናቱን የሚያክል ነገር በአንድ ቃል አይወስንም። አይጨነቁ። ሰሞኑን ብቅ እላለሁ።

አክባሪዎ በፈቃዱ


አሌክሳንድሪያ፣ መጋቢት 7 ቀን 2017

ለበፈቃዱ፤

ምርቃትህን ጌታ ይፈጽመው፣ ለአንተም እጥፍ ያድርግልህ።

ደብዳቤህን አንድ ጊዜ በማጉያ መነጽር፣ አንድ ጊዜ ያለ ማጉያ አነበብኩት፤ ሁለተኛው ላይ በቃሌ ይዤው ነበር። "ሰሞኑን ብቅ እላለሁ" ያልከውን በየትኛው ልመዝነው? ምናልባት በሚሉት በፕሮባብሊ ነው ወይስ በዴፊኒትሊ? ቀልዴን ነው፣ እንዳትቀየም።

ባርናባስ አዲስ አምጥቷል። እራት ሳቀርብለት ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ፣ ሳህኑን ይዞ ክፍሉ ገባና "አይ ፉሊ አንደርስታንድ ሃው ዩ ፊል" ብሎ ጻፈልኝ። ፉሊ ሙሉ በሙሉ ማለት ነው አይደል? ሙሉ በሙሉ የገባው ሰው ለምን ከክፍሉ አይወጣም?

ክፉ ልጅ እንዳይመስልህ። በረዶ የወረደ ቀን ጎንበስ ብሎ ጫማዬን የሚያስርልኝ እሱ ነው። ከአባቱ ሞት ወዲህ እኔን ተሸክሞ ነው የኖረው፣ ትዳር እንኳ አልያዘም። እንደደከመው አያለሁ። የደከመው ሰው ደግሞ የሚለውን አያውቅም ብዬ እጽናናለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ቴሌ ሳለሁ የሰው ወሬ ማዳመጥ ክልክል ነበር፣ አላዳምጥምም። ግን መስመሩን ልነቅል ስገባ የመጨረሻዋን ቃል ሳልፈልግ እሰማታለሁ። "በይ ደህና ሁኚ" ስትባል፣ ተመልሶ የሚደውልና የማይደውል ሰው ድምፁ ይለያል። ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ፣ ይሄ አይደውልላትም እያልኩ እነግራቸው ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበርኩ። አሁን ያ ሁሉ ቀረብኝ። የባርናባስ ጽሑፍ ድምፅ የለውም። መጨረሻቸው ሊ፣ ሊ የሚሉትን ቃላት የሙጥኝ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ከልጄ ድምፅ የቀረኝ እነሱ ብቻ ናቸው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት እቀመጣለሁ፣ የዘማሪዎቹን አፍ እያየሁ አብሬ አፌን አንቀሳቅሳለሁ። ከዚያ ሁሉም ይስመኝና ወደየመኪናው ይሄዳል። ቅር ባይልህ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ና።

ያ የስሂን እናት ክፍል ፀሐይ ያገኛል? እንዲሁ ነው የጠየቅሁህ። የእኛ አፓርታማ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው፣ ጠዋት መብራት ሳላበራ ቀሚሴን አላገኘውም።

እግዚአብሔር የሥራ ቀንህን ያሳጥርልህ።

አሰለፈች


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኤፕሪል 13፣ 2025

ለውድ እትዬ አሰለፈች፤

ጌታ ብርታቱን ይስጥዎት። ስለዘገየሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሥራው በዛብኝ። አንዳንድ ቀን ከወንበሬ ሳልነሣ ይመሻል፣ ቅዳሜ ደግሞ ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ ያለው መኪና ተስፋ ያስቆርጣል። ሰበብ እንደሚመስል አውቃለሁ።

ባርናባስ ኮል አድርጎኝ ኮሌጅ ፓርክ ላይ ምሳ ጋበዘኝ። ስለ እርስዎ ብዙ አወራን። ጥሩ ልጅ ነው፣ በጣም ያስብልዎታል። ብዙ ነገር እያሰበ ነው።

"ፉሊ አንደርስታንድ" የሚለው የተለመደ አነጋገር ነው፣ የባንክ ሰዎችም ይሉታል፤ ባይመረምሩት ይሻላል። በአጠቃላይ ቃላቱን ያን ያህል አይመዝኗቸው። እኔም ባለፈው ደብዳቤ አበዛሁት መሰለኝ። ሰው አንዳንድ ጊዜ አፉ ላይ የመጣለትን ነው የሚጽፈው።

አንድ ቀን እንመጣለን። መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንልዎት።

አክባሪዎ በፈቃዱ


አሌክሳንድሪያ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017

ለበፈቃዱ፤

ጌታ ይቅር ይበልህ ብዬ ልጀምር ነበር፣ ተውኩት። ሰላም ይብዛልህ።

ቅዳሜ ምን እንዳደረጋችሁኝ ታውቃለህ? የእኔ በር ደወሉ መብራት ነው፣ ሰው ሲጫነው ሳሎኑ ብልጭ ብልጭ ይላል። ብልጭ ሲል ገና ጎህ አልቀደደም። ስከፍት አንተ ቆመሃል፣ አጠገብህ የቤተ ክርስቲያናችሁ ሽማግሌ ዋለልኝ፣ ከኋላችሁ ከዚያው ቤተ ክርስቲያን ፀዲ። ሦስታችሁም ጥቁር ለብሳችሁ፣ ሦስታችሁም አንገታችሁን ደፍታችሁ። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ሆኖ በር ላይ የሚቆም ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ እኛ ዘንድ ሕፃን ያውቀዋል። መርዶ ነው። እህቴ መዓዛ ናት አልኩ፤ አዲስ አበባ ታማ ከተኛች ሰንብታለች። ነጠላዬን አሽቀንጥሬ መሬት ቁጭ አልኩ። ጩኸቴን እኔ አልሰማሁትም፣ ጎረቤቶቹ ግን ሰምተው በየበራቸው ወጡ። አንተ እጅህን እያወዛወዝክ ትናገራለህ፣ እኔ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ከንፈርህን ማንበብ አቃተኝ። ፀዲ ናት ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ፣ "ማንም አልሞተም" ብላ በትልልቁ የጻፈችልኝ።

ያኔ እኔ ሳቅሁ። እናንተ አልሳቃችሁም። አንተ ወረቀቱን ተቀብለህ "እንዲሁ ልንጠይቅዎት ነው" ብለህ ጻፍክበት። ፍርፍር ሠራሁላችሁ፣ በላችሁ። ዋለልኝ ጫማውን ሲያይ ቆየና ጸልዮ ተነሣ። ፀዲ ሰዓቷን እያየች ወጣች። ባርናባስ የዚያን ዕለት ጓደኛዬ ጋ አድራለሁ ብሎ ቤት አልነበረም። ሰው ለመጠየቅ ብሎ ሦስት ሆኖ፣ ጥቁር ለብሶ፣ በጎህ የሚመጣ ማን አለ? ልትነግሩኝ የመጣችሁትን ከፍርፍሩ ጋር ዋጥ አድርጋችሁት ሄዳችሁ። "አንድ ቀን እንመጣለን" ብለህ ስትጽፍ በብዙ ቁጥር መሆኑን ልብ ማለት ነበረብኝ።

የፀዲን ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። ማንም አልሞተም። እውነት ነው፣ ማንም አልሞተም። ታዲያ ምን ሆነ? አሁን እንግሊዝኛ አልጠየቅሁህም በፈቃዱ።

አሰለፈች


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜይ 25፣ 2025

ለውድ እትዬ አሰለፈች፤

ሰላምታ ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ቢሆንም ጌታ ከእርስዎ አይለይ።

ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ልንገርዎት። ባርናባስ ሥራውን ተቀብሏል። በጁን መጨረሻ ይሄዳል፣ ብቻውን። የአፓርታማው ሊዝ፣ የኪራይ ውሉ፣ የሚያልቀውም ያኔ ነው። ለእርስዎ የአረጋውያን ቤት አግኝቷል፣ አሁን ካሉበት ብዙ አይርቅም። ሄጄ አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው፣ ነርስ አለው፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ግን የለውም። ኮሌጅ ፓርክ የጋበዘኝ ይህን እንድነግርለት ነው። "አይ ኦነስትሊ ቲንክ ሺ ዊል ቢ ሃፒየር ዜር" አለኝ፣ እዚያ የበለጠ ደስ ይላታል ማለቱ ነው። ይህች ቃል ስትመጣ ወንበርዎን ይያዙ ብዬዎት ነበር፣ እኔ ራሴ ወንበሬን ያዝኩ። ከምሳው ወጥቶ መኪናው ውስጥ ሲያለቅስ በመስኮቱ አየሁት።

እንደ ወጉ ሦስት ሆነን ሰብሰብ ብለን እንንገራቸው ያለው ዋለልኝ ነው፣ ብቻቸውን ሆነው እንዳይሰሙት። ፀዲ የምትሠራው ክሪስታል ሲቲ ሆቴል ነው፣ ሥራዋ ማልዶ ስለሚጀምር ከዚያ በፊት እንድረስ አለች። ጥቁሩ ዩኒፎርሟ ነው። የእኔና የዋለልኝ ጃኬት እንዲያው ሆኖ ነው ጥቁር የሆነው፣ ምን ይመስላል ብለን አላሰብንም። ለሞት ካለቀሱ በኋላ፣ የሞተ የለም፣ ልጅዎ ግን ጥሎዎት ሊሄድ ነው ብሎ የሚናገር አፍ ከሦስታችን አልተገኘም።

ሥራዬ ይህ ነው እኮ። ለማላውቀው ሰው ከባዱን ነገር ሳልጨምር ሳልቀንስ በየቀኑ እናገራለሁ፣ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ከእርስዎ ጋር ግን ስልኩ አይዘጋም። ለዚህ ነው የሸሸሁት።

የላይኛውን ክፍል የጠየቁኝንም አልረሳሁም። በእውነት በጣም እያሰብኩበት ነው።

በፈቃዱ


አሌክሳንድሪያ፣ ግንቦት 23 ቀን 2017

ለበፈቃዱ፤

እውነቱን ስለጻፍክ ጌታ እጅህን ይባርክ።

አሁን ተራው የእኔ ነው። ባርናባስ ነግሮኝ ነበር። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሳልጽፍልህ በፊት፣ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሞ፣ ከንፈሩን እንዳነብ ቀስ እያለ፣ "እማዬ፣ አልወስድሽም። አልችልም" አለኝ። በአማርኛ። ምንም የተደረበበት ነገር አልነበረም። ፊቴን ሲያይ ደንግጦ ክፍሉ ገባ። ሲሪየስሊውም ዴፊኒትሊውም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ያለኝን እንዳልሰማሁት፣ እንደማላስታውሰው እንዲሆንለት ብሎ ነው በላዩ ላይ የሚጽፍበት። እኔም ከሚጽፋቸው አንዱ ያንን የሚሽር ይሆን ብዬ ነው የጠየቅሁህ። እንደማይሽር በመጀመሪያው መልስህ ገባኝ።

ታዲያ ለምን መጻፍ ቀጠሉ በለኝ። ጥያቄ ለሌለው ደብዳቤ ማን ይመልስልኛል ብዬ ነው። ብቸኝነት ገደለኝ ብዬ ብጽፍልህ፣ አይዞዎት እጸልይልዎታለሁ ብለህ ትዘጋው ነበር። እንግሊዝኛ ስጠይቅህ ግን ገጽ ሞልቶ አልበቃህ አለ። ያን ያህል የሚጽፍ ሰው እሱም ሰው ርቦታል አልኩ። ሰው እንደራበህ ባላውቅ ኖሮ ሁለተኛ አልጽፍልህም ነበር።

ክፍሉንም ያነሣኸው አንተ ነህ። ፀሐይ ያገኛል ወይ ብዬ ጠየቅሁ፣ ዘለልከው። አሁን ደግሞ "በእውነት በጣም እያሰብኩበት ነው" አልከኝ። ለአንድ ማሰብ በእውነትም በጣምም! ባርናባስ እንኳ አንድ ነው የሚደርበው። እንዴት እንደሚመዘን አንተ ነህ ያስተማርከኝ፣ ስለዚህ መዘንኩት፣ ቀለለብኝ። አዘንኩብህ በፈቃዱ።

የፈራኸውን አውቀዋለሁ። ማታ ቃል አይተርፈኝም ብለሃል። አሮጊት ከላይ ከመጣች ተጫወት፣ አውራ ትለኛለች ብለህ ነው። እኔ እኮ አልሰማም። ከእኔ ጋር ዝም ብለህ ብትቀመጥ ዝም ማለትህ እንኳ አይታወቀኝም። ሻይ አፍልቼ እጠራሃለሁ፣ ትጠጣለህ፣ ትወርዳለህ። ኪራዬንም ራሴ እችላለሁ።

ባርናባስን አልተቀየምኩትም። ሸሚዞቹን እየተኮስኩ ሻንጣ ውስጥ የማስገባለት እኔ ነኝ። ሲያየኝ ይወጣል፣ ስጨርስ ይመለሳል። ትናንት አንዱን አንሥቶ ሲያሸተው አገኘሁት፣ እንዳላየሁ ሆንኩ። ጌታ መንገዱን ያቅናለት። ነገር ግን ከንፈሩን የማነብለት ሰው በሌለበት ቤት፣ ነርስ እጄን እየዳሰሰችኝ መሞት አልፈልግም። ይህን ለልጄ አልነገርኩትም፣ ለአንተ ነው የምነግርህ።

የመጨረሻ ጥያቄዬ ነው፣ በአማርኛ ነው። ክፍሉ ፀሐይ ያገኛል?

አሰለፈች


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጁን 4፣ 2025

ለውድ እትዬ አሰለፈች፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ያገኛል። ጠዋት ይገባና እስከ ምሳ ሰዓት አልጋው ላይ ይቆያል። ስሂንን አነጋገርኳት፣ "እናቴ ጋቢዋን ሳይቀር ትታው ነው የሄደችው፣ ይምጡልን" አለች። ብልጭ የሚለውን ደወል ገዝቼ በሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ትናንት ስሞክረው ቤቱ በሙሉ አበራ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ረፋዱ ላይ፣ ብቻዬን፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ። አላሰብኩበትም።

በፈቃዱ